የትኛው የመሬት ሉፕ? ከልኬት እስከ መጀመሪያው ብርድ

ኤፕሪል መጨረሻ፣ 2025

የምንኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ። እኛ ሰፈር የተፈጥሮ ጋዝ መስመር አልገባም። ክረምቱን የምንገፋው በፕሮፔን ነው። ጓሮ የቆመው ታንክ ለማሞቂያ ብቻ በየክረምቱ ወደ 1,000 ጋሎን ይጨርሳል። ፕሮፔኑን የሚያነደው የቤት ማሞቂያ፣ ፈርነሱም፣ አርጅቷል። እሱኑ በሌላ ፈርነስ ከመተካት ሙቀቱን ከመሬት ወደሚስብ ሂት ፓምፕ ለመዞር ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ይህ ማስታወሻ የዚያ ሥራ መዝገብ ነው።

ብዙ የማወራው ስለ ማሽኑ ሳይሆን መሬት ውስጥ ስለሚቀበረውና ፈሳሽ እየዞረ ሙቀት ስለሚያመጣበት ቱቦ ነው፤ ሉፕ ይባላል። ማሽኑ ከ20 እስከ 25 ዓመት ሠርቶ ይቀየራል። ቱቦው ግን 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ማሽን ላይ የተሠራ ስህተት ይታረማል። አጭር ሉፕ ከተቀበረ ግን ዕዳው በየክረምቱ የመብራት ቢል ላይ ይመጣል፣ ሣሩ ከበቀለ በኋላ ደግሞ እንደገና የሚቆፍር የለም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ጂኦተርማል (የከርሰ ምድር ሙቀት) ስለው ወዲያው «እንደ አሉቶ ላንጋኖ?» አለኝ። የእኛ ሌላ ነው። አሉቶ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ተቆፍሮ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለፈ ሙቀት ይገኛል፣ ዓላማውም በእንፋሎቱ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው። እዚህ የምንፈልገው ከጥቂት ሜትር ጀምሮ ያለውን 9 ወይም 10 ዲግሪ ነው። ቀዝቃዛ ቢመስልም ውጭው ከዜሮ በታች 24 ሲሆን 9 ዲግሪ ትልቅ ሀብት ነው። ሂት ፓምፑ ያንን ለብታ ይሰበስብና በኮምፕሬሰር ከፍ አድርጎ ቤት ያስገባዋል።

መጀመሪያ ቤቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈልግ ማወቅ ነበረብኝ። ሻጮች ሁሉ የሚነሱት ከቤቱ ስፋት ነው። እኔ የፕሮፔን ደረሰኞቼን አወጣሁ። አንድ ጋሎን ፕሮፔን 91,500 ቢቲዩ ገደማ አለው፤ ቢቲዩ እዚህ አገር ሙቀት የሚለካበት ነው። ፈርነሱ 92 በመቶውን ለቤቱ ይሰጣል ብዬ ስይዝ የክረምቱ ድምር 84 ሚሊዮን ቢቲዩ ሆነ። የዚህ አካባቢ የማሞቂያ ዲግሪ ቀን፣ ማለትም ውጭው በየቀኑ ከ65 ፋራናይት በታች የሚወርድበት ዲግሪ ሲደመር፣ በዓመት ወደ 7,500 ይጠጋል። 84 ሚሊዮኑን ለ7,500፣ ከዚያ ለ24 ሰዓት ማካፈል ነው እንግዲህ። ቤታችን በእያንዳንዱ የፋራናይት ዲግሪ ልዩነት በሰዓት 467 ቢቲዩ ያፈሳል። በጣም በከፋው ቀን፣ ማለትም ውጭው ከዜሮ በታች 11 ፋራናይት ሲሆን፣ የሚያስፈልገን በሰዓት 35,500 ቢቲዩ ነው። በዚህ ሙያ ቋንቋ 3 ቶን ይባላል፤ 10.5 ኪሎዋት ገደማ።

ከዚህ ውስጥ መሬቱ የሚሰጠው ስንት ነው? ማሽኑ በ1 ኪሎዋት መብራት 3.5 ኪሎዋት ሙቀት ቢሰጥ፣ 3 ኪሎዋት ከመብራት፣ 7.5 ኪሎዋት ከመሬት ይመጣል። ከአሁን በኋላ ማንኛውንም ሉፕ የምመዝነው በዚህ ቁጥር ነው፤ በዚያ በከፋው ሳምንት፣ ቀንና ሌሊት፣ 7.5 ኪሎዋት ሊሰጠኝ ይችላል ወይ?

ሜይ አጋማሽ

በረዶው ለቆ መሬቱ ሲፈታ በእጅ መሰርሰሪያ አፈሩን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት 811 ደውዬ የመብራትና የስልክ መስመሮችን አስመልክቻለሁ። ባለሙያዎቹ መጥተው ሣሩ ላይ በቀለም ምልክት አደረጉ፣ ክፍያ የለውም። ጓሮ ለመቆፈር የሚያስብ ሰው ይህን እንዳይዘል።

ግቢያችን አንድ ኤከር ነው። ቤቱን፣ ዛፎቹንና የመጸዳጃ ፍሳሽ ታንኩ (ሴፕቲኩ) የሚፈስበትን ቦታ ስናወጣ ሁለት ባዶ ቦታ ይቀራል፣ በምሥራቅና በምዕራብ። ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ዓይነት ሣር ነው። ከስር ግን በጣም ይለያያሉ።

በምሥራቅ በኩል አንድ ሜትር ሳይሞላ ደረቅ አሸዋ ወጣ። በእጄ ጨብጬ ስከፍተው በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። በምዕራብ በኩል ከጥቁሩ አፈር ስር ግራጫ ሸክላ አገኘሁ። በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ መሃል ስገፋው ሳይቆረጥ እየረዘመ ሄደ፤ መዳፌም ረጠበ። ወደ 2 ሜትር ስጠጋ መሰርሰሪያው ሲወጣ ውሃ አዝሎ ይወጣል።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሙቀት በአፈር ውስጥ የሚጓዘው ፍሬዎቹ ሲነካኩና በመካከላቸው ውሃ ሲኖር ነው። ደረቅ አሸዋ ውስጥ ያለው አየር ነው፣ አየር ደግሞ ሙቀት ይከለክላል። እርጥብ ሸክላ ከደረቅ አሸዋ ሦስት አራት እጥፍ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ አንድ ሰው «ለአንድ ቶን ይህን ያህል ሜትር ቱቦ» ብሎ አንድ ቁጥር ሲነግራችሁ በየትኛው አፈር ብላችሁ ጠይቁ። ምሥራቁን ከሐሳቤ አወጣሁት።

ሜይ መጨረሻ፣ ሴንት ፖል ከተማ

ወደ ታች የሚቆፈረውን ሉፕ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ዕድል ሆኖ አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ወዳጃችን ከተማው ውስጥ ላለው ቤታቸው እያስቆፈሩ ነው። ጓሯቸው ጠባብ ነው፣ ሁለት መኪና ቢቆምበት ይሞላል። «አንተ ሰፊ መሬት አለህ፣ እኔ ያለኝ ወደ ታች ነው» አሉኝ። የአቀባዊ ሉፕ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ቦታ ስታጣ ጥልቀት ትገዛለህ።

ሦስት ጉድጓድ ነው የሚቆፈረው፣ እያንዳንዱ 60 ሜትር፣ በመካከላቸው 6 ሜትር ያህል ርቀት አለ። የጉድጓዱ አፍ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። መቆፈሪያው ማሽን ግን መንገዱን ይዘጋል። ጭቃ ውሃ እየተረጨ የተፈጨው ድንጋይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሠራተኛው በወንፊት እያነሳ ያያል። መጀመሪያ የበረዶ ዘመን ግግር ትቶት የሄደው ድብልቅ አፈር ወጣ። ቀጥሎ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ። ከዚያ ድንገት ነጭ አሸዋ መጣ። ሴንት ፒተር የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። ንጹሕ ከመሆኑ የተነሳ ፎርድ እዚሁ ሴንት ፖል በነበረው ፋብሪካው ስር እያስቆፈረ የመኪና መስታወት ይሠራበት ነበር። በውሃ የራሰ የአሸዋ ድንጋይ ሙቀት በማስተላለፍ ከእኔ ሸክላም ይበልጣል። አንድ ሜትር ጉድጓድ ብዙ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ጉድጓዱ እንዳለቀ ታችኛው ጫፉ የታጠፈ መንታ ቱቦ በውሃ ተሞልቶ ወረደ። ከእሱ ጋር አንድ ሌላ ቀጭን ቱቦ አብሮ ይወርዳል። በዚህኛው ግራውቱ፣ ጉድጓዱን የሚደፍነው ጭቃ መሰል ድብልቅ፣ ከታች ጀምሮ እየተገፋ ወደ ላይ ይሞላል፣ ሠራተኛው ደግሞ ቱቦውን በዝግታ ይስባል። ከላይ ቢያፈሱት መሃል ላይ አየር ይቀር ነበር። ግራውቱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ የላይኛው ቆሻሻ ውሃ ሕዝብ ወደሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ እንዳይወርድ ይዘጋል። እዚህ አገር ይህ ቀልድ የለውም፤ እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ያለ ፈቃድ ያለው ቆፋሪና ያለ ክልሉ ጤና መሥሪያ ቤት ፈቃድ መቆፈር አይቻልም። ሁለተኛ ሙቀቱን ከድንጋዩ ወደ ቱቦው ያሻግራል። ከቤንቶናይት ሸክላ ብቻ የተሠራ ተራ ግራውት በዚህ ደካማ ነው፣ ማስተላለፍ አቅሙ 0.7 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ነው። የሲሊካ አሸዋ ወይም ግራፋይት ሲቀላቀልበት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ወዳጃችን የተሻለውን መርጠዋል። ልክ ናቸው። ጥሩ ድንጋይ ውስጥ ቆፍሮ በመጥፎ ግራውት ማነቅ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ታች የሚሄድ ሉፕ ከፀሐይና ከዝናብ ይርቃል። በየክረምቱ ከሚሰጠው በታች በበጋ ከተመለሰለት፣ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። እንደ ሚኒሶታ ያለ ማሞቂያ የሚበዛበት አገር ላይ ርዝመቱ የሚሰላው የመጀመሪያውን ክረምት ብቻ አይቶ መሆን የለበትም። በጋ ላይ ቤቱን በዚያው ማሽን ማቀዝቀዝ ሙቀቱን ወደ መሬት ስለሚመልስ ይረዳል።

ጁን

ጎረቤቴ ለብዙ ዓመታት ክፍት ሉፕ ሲጠቀም ቆይቷል። ከጉድጓዱ ውሃ ይስባል፣ ሙቀቱን ይወስድበታል፣ ውሃውን ራቅ ብሎ ይለቀዋል። በቁጥር ብቻ ካየነው ይህን የሚያህል የለም። ውሃው ጃንዋሪም ሆነ ጁላይ 9 ዲግሪ ገደማ ነው የሚመጣው። በክረምት መጨረሻ ሌሎቹ ሉፖች ዜሮ አካባቢ ሲታገሉ የእሱ በዚያው ይቀጥላል።

ችግሩን ቤዝመንቱ ወርጄ አየሁት። የሙቀት መለዋወጫውን ፈትቶ እያጠበ ነበር። ቱቦው ውስጥ ዝገት የመሰለ ብረትና ነጭ የኖራ ቅርፊት ተጋግሯል። የዚህ አካባቢ ውሃ ከባድ ነው። ብረትም አለበት። በአሲድ ካልታጠበ ውሃ የሚያልፍበት ይጠባል። ብዛቱም አለ። ለእኔ ማሽን በደቂቃ 20 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። በከባድ ብርድ ሙሉ ቀን ቢሠራ ወደ 28,800 ሊትር ነው። ያንን ሁሉ ውሃ የት ልልቀቀው? መንገድ ላይ ካፈሰስኩት በረዶ ይሆናል። ወደ መሬት መመለስ ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው። የጉድጓዱ ፓምፕም መብራት ይበላል። ተውኩት።

ማሽኑ ውስጥ ሙቀት የሚያመላልሰው ጋዝ ራሱ በመዳብ ቱቦ መሬት ውስጥ የሚዞርበት ዓይነትም አለ። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ፓምፕና አንድ መለዋወጫ ይቀንሳል። ነገር ግን አሲዳማ አፈር መዳብ ይበላል። ቢያፈስም የሚፈሰው ጋዝ ነው። 50 ዓመት ለሚቀበር ነገር አላመንኩትም።

ሐይቅ ወይም ጥልቅ ኩሬ ያለው ሰው ደግሞ ቱቦውን ጠቅልሎ ወለሉ ላይ ማስተኛት ይችላል። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ላዩ በረዶ ቢሠራ እንኳ ወለሉ እዚያ አካባቢ ይቆያል። ቁፋሮ የለም፣ ርካሽ ነው። እኛ ኩሬ የለንም።

ጁላይ

ጁላይ 4 በተፈረመው ሕግ መሠረት ለቤት ጂኦተርማል ይሰጥ የነበረው 30 በመቶ የፌዴራል የግብር ክሬዲት ከዲሴምበር 31፣ 2025 በኋላ እንዲያበቃ ተደረገ። ሥራው እስከዚያ መጠናቀቅ ነበረበት። ወሬው እንደተሰማ የባለሙያዎቹ ቀጠሮ ጠበበ። ለአቀባዊ ቁፋሮ ያገኘሁት ዋጋ ለቦይ ሥራ ከተሰጠኝ እጥፍ ያህል ነው። እኔ ቦታ አለኝ፣ እርጥብ ሸክላ አለኝ። አግድም ሉፕ እንዲሆን ወሰንኩ።

እዚህም ሁለት መንገድ አለ። ቀጥ ያለ ቱቦ በረጅም ቦይ ወይም የተጠቀለለ ቱቦ በአጭር ቦይ። ቀጥ ያለው በቱቦ ይቆጥባል፤ ለ3 ቶን 550 ሜትር ገደማ ይበቃል። ግን ሁለት ሁለት ቱቦ በአንድ ቦይ ቢገባ እንኳ 275 ሜትር ቦይ ይጠይቃል፣ ምዕራቡ ግቢ ይህን አይችልም። የተጠቀለለው ቱቦ ያበዛል፣ ቦይ ያሳጥራል። ብዙዎች ግን እዚህ ላይ ነው የሚስገበገቡት። ክቦቹን እርስ በርስ ደራርበው ቦዩን በጣም ያሳጥሩታል። ቱቦው ሲበዛ ሙቀቱ የሚበዛ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀቱን የሚሰጠው ቱቦው አይደለም፣ በዙሪያው ያለው አፈር ነው። ሁለት ቱቦ አንድን አፈር ከተሻሙ የሚደርሳቸው የአንድ ያህል ነው።

የእኔ ዕቅድ ይህ ነው። ሦስት ቦይ፣ እያንዳንዱ 45 ሜትር ርዝመት፣ 2.2 ሜትር ጥልቀት፣ በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሜትር። ክቦቹ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውና ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የተኙ ናቸው። በእያንዳንዱ ቦይ አንድ 244 ሜትር ጥቅል የኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቱቦ ይገባል፣ ወደ ቤት የሚመጣውን ጨምሮ። ቦዮቹን ወደ 35 ሜትር ማሳጠር እንደምችል የነገረኝ ሻጭ ነበር። አላሳጠርኩም። የአሥር ሜትር ቁፋሮ ዋጋ የአንድ ቀን የኤክስካቫተር ኪራይ አይሞላም፤ የጎደለው ሉፕ ግን ለ50 ዓመት ጎዶሎ ነው።

ጥልቀቱ ለምን 2.2 ሜትር? የዚህ አካባቢ የግንባታ ደንብ በረዶው እስከ 107 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ብሎ ያስባል። ከዚያ በደንብ መውረድ አለብን። በጣም ከወረድን ግን ከላይ የሚመጣው የበጋ ሙቀት ይርቃል። አግድም ሉፕ እንደ እህል ጎተራ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ በበጋ ይሞሉታል፣ በክረምት እንወስዳለን። ስለዚህ በላዩ ላይ አስፋልትም ሆነ መጋዘን አይሠራም። ሣር ብቻ።

ኦገስት መጨረሻ፣ ቁፋሮ

ኤክስካቫተር ከነሹፌሩ ተከራየን። የባለቤቴ ታናሽ ወንድምም መጣ። ቱቦውን ሣር ላይ ዘርግተን ክብ እየሠራን በፕላስቲክ ማሰሪያ አሠርን። ቱቦው ጠዋት ላይ ይግደረደራል። ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ያኔ ሥራው ይፈጥናል።

ቦዩ ሲቆፈር አፈሩ በሁለት ክምር ይለይ ብዬ ነበር፤ ጥቁሩ በአንድ በኩል፣ ሸክላው በሌላ። አንዱን ጫፍ ለማየት ጠጋ ስል ልጁ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ከኋላዬ ጮኸ፣ «ጋሼ፣ እንዳትወርድ!» ልክ ነው። ከ1.5 ሜትር በላይ የሆነ ቦይ ግድግዳው ካልተደገፈ ሰው አይገባበትም፣ የሥራ ደህንነት ደንቡም ይከለክላል። እርጥብ ሸክላ ቆሞ ይታያል፣ ከዚያ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ስለዚህ ማንም አልወረደም። የታሰረውን ጥቅል ከሁለት ወገን በገመድ ይዘን አወረድነው፣ ቦታውን በረጅም እጀታ መቧጠጫ (ሬክ) አስተካከልን።

አሞላሉ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ድንጋይ የተለቀመለት ልም አፈር፣ በቀስታ። ሹል ድንጋይ ቱቦው ላይ ካረፈ በዓመታት ውስጥ ይበሳዋል። ከዚያ በቧንቧ ውሃ አጠጣነው። ውሃው አፈሩን ወደ ቱቦው ይጎትተዋል፣ አየሩ ይወጣል። ሦስተኛው ቦይ ላይ አረፋው ሲወጣ ቆመን ስናይ ልጁ «ይህ ሁሉ አየር ነበር?» አለ። እሱ ሁሉ ቢቀር ኖሮ ሸክላ ውስጥ ሆነንም በደረቅ አሸዋ እንደተቀበርን ነበር። ላዩን የሞላነው ከፍ አድርገን ነው፣ እስኪረጋ ድረስ ይወርዳል።

ሴፕቴምበር

ብየዳውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሠራ፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። መሬት ውስጥ የሚቀበር መጋጠሚያ በብሎን አይያዝም። ቱቦውና መጋጠሚያው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ በደረሰ ብረት ላይ ለሰከንዶች ይቀልጣሉ፣ ከዚያ ይገጣጠማሉ። ሲቀዘቅዝ አንድ አካል ነው። ባለሙያው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ ዞሮ ይዳስስ ነበር። የቀለጠው ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ይቆርጠውና ደግሞ ይጀምራል። አንዱን ቆረጠው፣ እኔ ሳየው ምንም የለውም። አልተከራከርኩም።

ሦስቱ ሉፖች የተገናኙት መጀመሪያ ውሃ ያገኘው መጨረሻ እንዲመለስ ተደርጎ ነው። በዚህ መንገድ የሁሉም ጉዞ እኩል ይሆናል፣ አንዱ ጠጥቶ ሌላው አይጠማም።

የግፊት ፈተናው ላይ ጌጁ በመጀመሪያው ሰዓት ወረደ። ይህ ማፍሰስ አይደለም። ኤችዲፒኢ ግፊት ሲያገኝ በትንሹ ይለጠጣል። እንደገና ተሞልቶ አደረ፣ ጠዋት እዚያው ቆሟል።

ከዚያ እጥበት። ቱቦ ውስጥ የቀረ አየር ውሃውን ያግዳል፣ ፓምፑን ይጎዳል። አየሩን ለማስወጣት ውሃው በሰከንድ ቢያንስ 0.6 ሜትር መፍሰስ አለበት፣ የቤቱ ትንሽ ፓምፕ ይህን አይችልም። በትልቅ የማጠቢያ ፓምፕ ነው የተሠራው። በርሜሉ ውስጥ የሚመለሰው ውሃ መጀመሪያ ነጭ አረፋ ነበር፣ ሲጠራ አቆምን። በመጨረሻ 25 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ተጨመረ፣ እስከ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አይረጋም። ከዚያ በላይ ማብዛት አያዋጣም። ግላይኮል ሲበዛና ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። የወፈረ ፈሳሽ ቱቦው ውስጥ ሳይናወጥ ተኝቶ ይሄዳል። ያኔ ፓምፑም ይለፋል፣ ሙቀት መውሰዱም ይቀንሳል።

ዲሴምበር

ማሽኑ ኦክቶበር ላይ ሥራ ጀመረ። የፕሮፔኑን ታንክ ኩባንያው ወስዶታል። ከመሬት የሚመጣውን ፈሳሽ ሙቀት በየሳምንቱ እመዘግባለሁ፣ ከተማ ያሉት ወዳጃችንም የእሳቸውን ይልኩልኛል።

ሲጀምር የእኔ 13 ዲግሪ ነበር፣ የእሳቸው 10። 2 ሜትር ላይ ያለ አፈር የበጋውን ሙቀት ዘግይቶ ነው የሚያገኘው። በጣም የሚሞቀው ሴፕቴምበር አካባቢ ስለሆነ መጀመሪያ እኔ በለጥኩ። አሁን ዲሴምበር አጋማሽ ላይ እኔ 6 ነኝ፣ እሳቸው 5.5። መስመሮቹ እየተገናኙ ነው፣ ከዚህ በኋላ የእኔው በፍጥነት ይወርዳል። አፈሩ በጣም የሚቀዘቅዘው ማርች ላይ ነው፣ የእሳቸው ድንጋይ ግን ወቅት አያውቅም። የጎረቤቴ ውሃ ያው 9 ላይ ነው፣ መለዋወጫውንም ሰሞኑን እንደገና አጥቧል።

ማሽኑን ያቀድነው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ለሚመጣ ፈሳሽ ነው። ማርች ላይ ከዚያ በላይ ከቆየ 45ቱ ሜትር ልክ ነበር ማለት ነው። በበጋ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ስናበራ ወደ መሬት የሚመለሰውን እለካለሁ። ለወዳጃችን የሚያሳስባቸው ያ ነው፣ ከዓመት ዓመት የድንጋያቸው ሙቀት ይወርዳል ወይ የሚለው። ሁለታችንም መዝገቡን እንቀጥላለን። የሚቀጥለው ልኬት ጃንዋሪ የመጀመሪያው ሳምንት ነው።